ጥርሱ ቶሎ ለሚቦረቦር ልጅ ከከረሜላ ሌላ ምን እንስጠው?

ደሴ ቧንቧ ውሃ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። መደርደሪያው ላይ ከረሜላው፣ ሎሊፖፑ፣ ብስኩቱ ሞልቷል። ልጄ አራት ዓመት አልፏታል፤ ውሎዋ ከእኔው ጋር ነው። ጥርሷ ደግሞ ቶሎ የሚቦረቦር ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ተሞልተዋል። እናቶች ሊገዙ ሲመጡ "እንዴት ቻልሻት?" ይሉኛል። ለእነሱ የምነግራቸውን ልጻፈው።

ጥርስን የሚጎዳው የጣፋጩ ብዛት ብቻ አይደለም። በቀን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ ይገባል? ዋናው እሱ ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመርታሉ። ምራቅ ያንን አሲድ እስኪያረግበው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጠዋት ከረሜላ፣ ትንሽ ቆይቶ ብስኩት፣ ከዚያ ጁስ ከሆነ ጥርሱ መቼ ይረፍ? ሎሊፖፕን አጥብቄ የምከለክለው ለዚህ ነው። ትንሽ ናት፤ ግን ስትመጠጥ ትውላለች።

ስለዚህ እኛ ቤት ጣፋጭ ካለ ከምሳ ጋር ነው። ወዲያው ውሃ ትጠጣለች፣ አለቀ። በመሃል ሲርባት ሌላ ነገር አለ።

ሰኞ ገበያ ስወጣ አይብ ሳልይዝ አልመለስም። በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ አንጠለጥለውና ውሃው ጠፈፍ ሲል በመዳፌ እንደ ብይ አድቦለቡለዋለሁ። ጨው ትንሽ ነስነስ ይደረግበታል። ሳህን ላይ ደርድሬ ሳቀርብላት እየቆጠረች ትበላዋለች። የሽምብራ ንፍሮም ትወዳለች፤ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ አበስለዋለሁ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ስኳር ያልገባበት እርጎ፣ ለስለስ ብሎ የተቀቀለ ካሮትም ጥሩ ነው። ቆሎ፣ ፈንዲሻና ያልተፈጨ ኦቾሎኒ ግን ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፤ ያንቃል። እኔ ኦቾሎኒውን ቆልቼ፣ በደንብ ወቅጬ ዳቦ ላይ በስሱ እቀባላታለሁ።

"ማርስ? የተፈጥሮ እኮ ነው" ትለኛለች አማቴ። ለባክቴሪያው ማርም ስኳር ነው። ተምርና ዘቢብ ደግሞ ጥርስ ላይ ይጣበቃሉ። ረመዳን ላይ ጎረቤት ተምርና ሙሸበክ ሲልክ ግን እምቢ አይባልም፤ ደሴ ያደገ ያውቀዋል። ከእራት ጋር ትቀምሳለች፣ ከዚያ ጥርሷን እቦርሽላታለሁ።

ጁስ ቤት ስትገቡ "ያለ ስኳር፣ ያለ ቪምቶ" በሉ። ከጁስ ግን ፍሬው ራሱ ይሻላል። ሽሮፕ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ ስኳር አለበት፤ ማታ የሚወሰድ ከሆነ ጥርስ ከመቦረሹ በፊት ስጡ። ጡጦ ይዞ መተኛት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስ ወተቱ ጥርስ ላይ ያድራል።

ከባዱ ልጅቷ አይደለችም፣ ሰው ነው። ሱቅ የገባ ሁሉ ከረሜላ ገዝቶ ሊያስጨብጣት ይፈልጋል፤ ከፍቅር ነው። እኔም አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ፊኛና ባለቀለም እርሳስ አስቀምጫለሁ። "እትዬ፣ ጥርሷን እያሳከምኳት ነው፤ ከዚህ ይምረጡላት" እላለሁ። ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም። እሷም ፊኛውን ስታይ ከረሜላውን ትረሳዋለች።

ጥርስ መቦረሽ በቀን ሁለቴ ነው፣ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል። ትትፋው እንጂ በውሃ ደጋግማ አትጉመጥመጥ። እስከ ሰባት ዓመት ገደማ የምትቦርሹት እናንተ ናችሁ፤ የልጅ እጅ የኋላውን አያዳርስም።

በሳምንት አንዴ ደግሞ ብርሃን ላይ አስቀምጣችሁ የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አድርጉ። ድዱ ጥግ ላይ ነጣ ያለ፣ ኖራ የመሰለ መስመር ካያችሁ መቦርቦር እየጀመረ ሊሆን ይችላል። በዚያ ደረጃ ሳይቦረቦር ሊመለስ ስለሚችል ሕመም እስኪጀምር ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ውሰዱ። "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል" የሚል አይጠፋም። የኋላዎቹ የወተት መንጋጋዎች ግን የሚወልቁት ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ልጁ የሚያኝከው በእነሱ ነው።