ለሞተር ሥራ የሚሆን ትንሽ ስፔሰር፦ አለካኩ፣ አመራረጡና አሠራሩ

ከአንድ ሞተር ላይ የወረደን አልተርኔተር (የመኪናውን ኤሌክትሪክ አመንጪ) በሌላ ሞተር ብሎክ ላይ ለመግጠም የሞከረ ሰው፣ ስታፋው፣ ማለትም ማሰሪያ ክንዱ፣ እና ብሎኩ ሳይገናኙ በመካከላቸው የጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲቀር ማየቱ አይቀርም። ይህን ክፍተት የሚሞላውና ቡሎን በመሃሉ የሚያልፍበት ትንሽ ቀለበት ስፔሰር ይባላል። ትንሽነቱ ስለሚያዘናጋ ብዙ ሰው ያገኘውን ነገር ይሰካበታል፤ እኔም ከዓመታት በፊት ሰባት ሮንዴላ (ከቡሎን ራስ ሥር የሚገባ ስስ ቀለበት) ደርድሬ አልተርኔተር አስሬ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቺንጋው መጮኽ ጀመረ፤ ቡሎኑን ስነካው በእጅ እስኪዞር ድረስ ላልቷል፤ ሮንዴላዎቹም እርስ በርስ ተፋጭተው ፊታቸው ያብለጨልጭ ነበር። በማተሚያ የተቆረጠ ሮንዴላ ፍጹም ጠፍጣፋ ስላልሆነና ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ሻካራ ትርፍ ስለሚኖረው፣ እያንዳንዱ መገናኛ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ በጥቂቱ ይረግባል። ሰባት ሮንዴላ ስምንት መገናኛ ይፈጥራል፤ የስምንቱ መርገብ ሲደመር ደግሞ ቡሎኑ የያዘውን ውጥረት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ስፔሰር አንድ ወጥ አካል መሆን አለበት።

ወደ ልኬቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ወሰን ላስቀምጥ። እዚህ የምገልጸው እንደ አልተርኔተር፣ የአየር ማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር፣ የቺንጋ ማወጠሪያና የመሳሰሉት ከሞተሩ ውጭ ለሚታሰሩ ክፍሎች የሚሆነውን ስፔሰር ነው። ክራንክ ሻፍት፣ ቢዬላና ፍላይዊል፣ እንዲሁም መሪና ፍሬን በእጅ በተሠራ ቀለበት የሚሞከርባቸው ቦታዎች አይደሉም።

የመጀመሪያው ሥራ ክፍተቱን በትክክል ማወቅ ነው። ክፍተቱን በማስመሪያ ገምቶ ብረት ከመቁረጥ ይልቅ፣ ዕቃውን በጊዜያዊ ሮንዴላዎችና በስስ የብረት መለኪያ ቅጠሎች ደግፎ በቦታው ማስቀመጥ፣ ከዚያም ረጅም ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ፑሊዎች ፊት ላይ አጋድሞ አሰላለፋቸውን ማየት ይሻላል። ፊታቸው እኩል የማይወጣ ፑሊዎች ከሆኑ የሚለካው ቺንጋው የሚቀመጥበት ቦይ ነው። ቺንጋው በቀጥታ የሚሄድበት ቦታ ሲገኝ፣ የገባውን ክምር ሁሉ አውጥቶና አንድ ላይ ጨብጦ በካሊፐር መለካት የስፔሰሩን ውፍረት ይሰጣል። ክፍሉን የሚያስሩት ሁለት ወይም ሦስት ቡሎኖች ከሆኑ እያንዳንዱ ለብቻው መለካት ይኖርበታል፤ በመጣል የተሠራ ስታፋ ሁሉም እግሮቹ እኩል ናቸው ብሎ ማመን አይቻልም።

የውስጥ ቀዳዳው ለኤም 8 (8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው) ቡሎን 8.4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለኤም 10 ደግሞ 10.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ቡሎኑ ሳይጨናነቅ ያልፋል፤ ቀለበቱም ከመሃል ብዙ አይሸሽም። የውጭ ስፋቱ ግን ብዙዎች የሚዘነጉት ቁም ነገር ነው። በአግባቡ የጠበቀ ባለ 8.8 የጥንካሬ ደረጃ ኤም 8 ቡሎን 16 ኪሎ ኒውተን ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ቶን ተኩል በላይ በሆነ ኃይል ይጨብጣል። የውጭ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት ይህን ጭነት ሲሸከም በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፈው 110 ኒውተን ያህል ነው፤ የውጭ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ወደ 280 ይጠጋል። ለስላሳ ብረትና አብዛኛው አሉሚኒየም በዚህ ጫና ይጨፈለቃሉ። የውጭ ስፋቱን የቡሎኑን ውፍረት እጥፍ አድርጎ መነሳት ጥሩ ልማድ ነው፤ ስፔሰሩ ረጅም በሆነ ቁጥርም ቡሎኑን የሚያጥፈው ኃይል ስለሚጨምር ከዚያ በላይ ቢሰፋ ይመረጣል።

ከዚህ ተነስቶ የዕቃው ዓይነት ራሱ ይመረጣል። ተራ ለስላሳ ብረት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። አሉሚኒየም ቀላልና ለመቁረጥ ምቹ ቢሆንም ዓይነቱ ያልታወቀ ቁራጭ እጅግ ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ከተጠቀሙበትም ከቡሎኑ ራስ ሥር ጠንካራ ሮንዴላ ማድረግ ይገባል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ይለጠጣል የሚለው ስጋት በዚህ መጠን ብዙም አያሳስብም፦ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ስፔሰር ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር የሚረዝመው 0.05 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ናይለንና በ3ዲ ፕሪንተር የሚሠሩ ፕላስቲኮች ግን በጭነት ሥር ቀስ በቀስ ስለሚሟሽሹ፣ አንዳንዶቹም በ60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምሩ ለልክ ማረጋገጫ እንጂ ለቋሚ ሥራ አይሆኑም።

ለመሥራት ከመነሳት በፊት የተዘጋጀ ነገር መፈለግ ጊዜ ያተርፋል። አሮጌ ሞተሮች ላይ የአልተርኔተርና የኮምፕረሰር ማሰሪያዎች ብዙ ጊዜ ዝግጁ ቡሽ (አጭር የብረት ቱቦ) ይዘው ይገኛሉ። የኤም 10 ዳዶ የውስጥ ጥርሱ ጫፍ 8.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የኤም 8 ቡሎን በነፃነት ያልፍበታል፤ ቁመቱም 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ፊቱን አስተካክሎ እንደ ስፔሰር መጠቀም ይቻላል። የኤም 8 ዳዶም ለኤም 6 ቡሎን እንዲሁ ያገለግላል። ሌላው ጥሩ ምንጭ የአሮጌ ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ነው፤ 608 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ ቀለበቱ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳና 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ ሁለቱ ፊቶቹም በፋብሪካ እጅግ በትክክል የተስተካከሉ ናቸው። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ስታፋውን እንዳይወጋ በጠንካራ ሮንዴላ መደገፍ አለበት። ኩሽኔታው ሲሰበር ስለታም ስባሪ ስለሚወረወር በወፍራም ጨርቅ መጠቅለልና የዓይን መከላከያ ማድረግ ግዴታ ነው።

የሚስማማ ካልተገኘ ወፍራም ግድግዳ ካለው ቱቦ መሥራት ቀላሉ መንገድ ነው። ቱቦውን ሞርሳ ላይ አስሮ፣ በሚቆረጥበት ቦታ ፋሼታ (የጎማ ቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ጠምጥሞና ጠርዙን መሪ አድርጎ በሴጌቶ መቁረጥ ቀጥ ያለ ቁርጥ ይሰጣል፤ ከሚፈለገው ልክ በ1 ሚሊ ሜትር ማስረዘም ያስፈልጋል። ከድፍን ዘንግ የሚሠራ ከሆነ አስቀድሞ መብሳት፣ ከዚያ መቁረጥ ይሻላል፤ አጭር ቁራጭን ይዞ መሃሉን መብሳት አስቸጋሪም አደገኛም ነው። ቀዳዳውን በ4 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማስፋት ፑንታው መስመር እንዳይስት ይረዳል።

ሥራው የሚለየው ፊቱን በማስተካከል ላይ ነው። ሻካራውን ትርፍ በሞረድ ካነሱ በኋላ፣ በወፍራም መስታወት ላይ 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ የስፔሰሩን ፊት በማርከር ሙሉ በሙሉ ማጥቆርና ጥቂት ጊዜ ማሸት ነው። ቀለሙ በአንድ ወገን ብቻ ተነስቶ በሌላው ከቀረ ያ የተነሳበት ወገን ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ጣትን ወደዚያ ወገን አስጠግቶ መጫንና በየአሥር ምልልሱ ቀለበቱን ሩብ ዙር ማዞር ቀስ በቀስ ያስተካክለዋል። ቀለሙ ከዙሪያው እኩል ሲነሳ ወደ 320 ቁጥር ማለፍ ይቻላል። ውፍረቱ በአራት ቦታ ሲለካ ልዩነቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ለእነዚህ ሥራዎች ጥሩ ነው። ፊቱ ያዘመመ ስፔሰር ቡሎኑን ከራሱ ሥር ስለሚያጥፈው፣ ውፍረቱ በጥቂቱ ከሳተው ይልቅ ፊቱ ያዘመመው የበለጠ ያሰጋኛል። እኩል የሆኑ ሦስት ወይም አራት ስፔሰሮች ሲያስፈልጉ አጭሩን መለኪያ አድርጎ ሌሎቹን ወደ እሱ ማውረድ ነው። በመጨረሻም የውስጡና የውጩ ጠርዝ ስለታምነቱ እንዲጠፋ በትንሹ ይሞረዳል።

ለቶርኖ ባለሙያ ማሠራት የሚፈልግ ሰው የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት፣ የሚፈቀድ ልዩነት፣ የብረቱ ዓይነትና ብዛት የተጻፈበት ንድፍ ይዞ ይሂድ፤ ሁለቱ ፊቶች ትይዩ መሆን እንዳለባቸውም በግልጽ ይጻፍበት። አንድ ትርፍ ማሠራት አይከፋም።

ሲገጠም ቡሎኑ በስፔሰሩ ውፍረት ልክ መርዘም አለበት። ጥርሱ በብረት ብሎክ ውስጥ ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል፣ በአሉሚኒየም ውስጥ ደግሞ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያህል መግባት ይኖርበታል፤ ለኤም 8 ይህ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ነው። መውጫ በሌለው ቀዳዳ ውስጥ ቡሎኑ መጨረሻውን ነክቶ የጠበቀ እንዳይመስልም መፈተሽ ያስፈልጋል። ፊቶቹን ከዘይትና ከብናኝ አጽድቶ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ) ማጥበቅ ነው፤ የአምራቹ ልክ ከሌለ ለባለ 8.8 ኤም 8 ቡሎን 25 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው። ሞተሩ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ማጥበቂያውን ዳግም መፈተሽ ይገባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በስፔሰሩ ጠርዝ ዙሪያ ጥቁር ወይም ዝገት የመሰለ ዱቄት ከታየ መገናኛው እየተንቀሳቀሰ ነውና ቡሎኑን ደጋግሞ ከማጥበቅ ይልቅ ስፔሰሩን አውርዶ ፊቱን እንደገና በማርከር መፈተሽ ነው።