የማይለቅ የአንገትና የትከሻ ሕመም፦ ምክንያቱ አተነፋፈስ ሲሆን

ራጁ ደህና ነው ተብሏል፣ ትራስ ተቀይሯል፣ ማሳጅ ተደርጓል፤ ሕመሙ ግን በሳልስቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ፊዚዮቴራፒ ሲመጣ አንገቱን ከመንካቴ በፊት አተነፋፈሱን አያለሁ።

ምልክቱ፦ ከሰዓት በኋላ የሚብስ የአንገት ጎንና የትከሻ ውጥረት፣ ከማጅራት የሚነሳ ራስ ምታት፣ ቶሎ ቶሎ ማዛጋትና «ኡፍ» ማለት።

ምክንያቱ፦ የመተንፈስ ዋና ሥራ የድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ ነው። እሱ በደንብ ካልወረደ የአንገት ጎን ጡንቻዎች ጎድንን ወደ ላይ እየሳቡ ይተኩታል። ለሩጫና ለዳገት እንጂ ለሙሉ ቀን አይሆኑም። አዋቂ ሰው አርፎ ተቀምጦ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በ12 እንኳ ሲሰላ በቀን ከ17,000 ያልፋል። ሕመሙ ራሱም ትንፋሽን ያሳጥራል፤ አንዱ ሌላውን እያባባሰ ይሽከረከራል።

ለማየት አንድ እጅ ደረት፣ ሌላው እምብርት ላይ ይደረግ። የደረቱ ቀድሞ ከተነሳ ችግሩ እዚያ ነው። «ተንፍስ» ሲባል ግን ሁሉም ያሳምራል፤ እኔ ስለ ልጆቻቸው እያስወራሁ ነው የማየው። አንዲት ልብስ ሰፊ ስታወራ ደህና ነበረች። ክር በመርፌ ቀዳዳ አስገቢ ስላት ግን ትንፋሿን ያዘች፤ ክሩ ሲያልፍ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ወጥቶ አየር ሳበች። ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ይህንኑ ነው!

ሌላው የሰለቸኝ የወገብ ማሰሪያ ነው። ወገባቸውን ያመማቸው እናቶች ጣት እስከማያስገባ ድረስ መቀነት ያጠብቃሉ፤ ሲፈቱት መስመሩ ሆዳቸው ላይ ታትሟል። ሆድ መነፋት ካልቻለ ትንፋሹ ወዴት ይሂድ? ወደ አንገት። ያለ ልክ የሚሸጠው የላስቲክ ቀበቶማ ይብሳል።

መፍትሄው፦ ማሰሪያውን አላሉ፤ ከቀዶ ጥገና ወይም ከስብራት በኋላ የታዘዘ ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትንኩት። ጉልበት አጥፋችሁ በጀርባ ተኙ፤ ያኔ ትከሻ ሥራ የለውም። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 አስወጡ። ጠዋትና ማታ 5 ደቂቃ። ሲለመድ ተቀምጦ፣ ቀጥሎ ሥራ ላይ። ልብስ ሰፊዋ ክር ባስገባች ቁጥር ትንፋሿን እንድታስወጣ ነው የነገርኳት። ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል፤ የተጎዳ የአከርካሪ ዲስክንም አይጠግንም።

«በረጅሙ ተንፍሱ» ሲባሉ ደረታቸውን የሚነፉ አሉ። አታድርጉት! አየር ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል፣ ራስ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል። ያኔ አቁሙ፤ ፌስታል ውስጥ መተንፈስ ግን አደገኛ ነው።

አፍንጫ ከተዘጋ መጀመሪያ እሱ ይታከም። አስም ያለበት ስፕሬዩን አያቁም። ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ለወራት የምትውጡ፣ ጨጓራና ኩላሊታችሁን ልትጎዱ ትችላላችሁ። ደረት ላይ ጫና ኖሮ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ ልምምድ የለም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።