ንጹሕ ውሃ ውስጥ የገባው ፓይኒን

ባሕር ዳር ላይ የጣናን ውሃ የምንለካው ውቅያኖስ ላይ በሚሠራበት ዘዴ ነው። ናይትሮጅን ውሃው ውስጥ አረፋ ሆኖ ያልፋል፤ በቀላሉ የሚተኑትን ውህዶች ይዞ ይወጣል። ማጥመጃ ቱቦ ይይዛቸዋል፤ ጋዝ ክሮማቶግራፍ የተባለው መሣሪያ አንድ በአንድ ይለያቸዋል። በባሕር ውሃ ዋናው ተፈላጊ ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተባለ፣ ሰልፈር ያለበት ውህድ ነው። መጠኑ ብዙውን ጊዜ በሊትር ጥቂት ናኖሞል፣ ማለትም እጅግ ኢምንት ስለሆነ ትንሽ ብክለት ሥራውን ገደል ይከተዋል።

ችግሩ፦ ለማነጻጸሪያ የምንለካው፣ ምንም ሊኖርበት የማይገባው ንጹሕ ውሃ አልፋ ፓይኒን የተባለ፣ የዛፍ ሙጫ ውስጥ የሚገኝ ውህድ አሳየ። ጠዋት የለም፣ ከሰዓት አለ። ቱቦ ቀየርን፣ ማጥመጃውን አጋልን፤ ወይ ፍንክች! ለካ ጉዱ ኮሪደሩ ላይ ነው። ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል፤ የዕጣን ሽታ ደግሞ አንዱ ምንጩ ፓይኒን ነው። የተቆላ ቡናም ራሱ ዳይሜቲል ሰልፋይድ አለው።

ቡናውን ማስቀረትማ አይታሰብም። ረከቦቱ ወደ ግቢው ዛፍ ሥር ተዛወረ። ናይትሮጅኑን በከሰል ማጣሪያ አሳለፍነው። ጠርሙሱንም እዚያው ሐይቁ ዳር፣ እስኪፈስ ሞልተን እንከድነዋለን። ውስጡ የአየር አረፋ ካለ ውህዱ ከውሃው ወደ አረፋው ይሸሻል።

አሁን የከሰዓቱም ውሃ ንጹሕ ነው። በበዓል ሰሞን ግን መስኮት ዘግተን፣ በናሙናዎቹ መሃል ንጹሑን ውሃ ደጋግመን እንለካለን።