ስኳርን ያለ ኢንዛይም ስትለኩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መብራት በሄደ ቁጥር የተለመደው የስኳር ሴንሰር የሚሠራበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ያሳስባል። ስለዚህ ግሉኮስን ያለ ኢንዛይም፣ በኒኬል ወይም በመዳብ ናኖፓርቲክል (እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) እና በግራፊን (ስስ የካርቦን ንጣፍ) በተቀባ ኤሌክትሮድ ላይ በሚያወጣው ከረንት መለካት ለመመረቂያ የሚማርክ ርዕስ ነው። ችግሩ ሥራው ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ለክቶ «የደም ስኳር ሴንሰር ሠራሁ» ማለት ነው። የዚያ ፒኤች 13 አካባቢ ነው፣ የደም ግን 7.4። ኒኬል ላይ ግሉኮሱን ኦክሲዳይዝ የሚያደርገው ኒኬል ኦክሲሃይድሮክሳይድ ነው፤ እሱም ደህና አድርጎ የሚሠራው አልካላይን (ፒኤቹ ከፍ ያለ ፈሳሽ) ሲያገኝ ነው። ሴረሙን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ውስጥ በጥብጣችሁ ከለካችሁ በግልጽ ጻፉት፣ ስንት እጥፍ እንዳቀጠናችሁም ጨምሩ። «እሺ፣ ወርቅ ልጠቀም» ካላችሁ ወርቅ በፒኤች 7.4 መሥራት ይችላል፣ ግን ደም ውስጥ 100 ሚሊሞላር ገደማ ክሎራይድ አለ፣ የወርቁን ገጽ ይይዝበታል። ክሎራይድ በሌለበት በፈር (ፒኤችን የሚጠብቅ ፈሳሽ) ብቻ ሞክሮ መኩራራት ዋጋ የለውም።

ሌላው፣ ደም ውስጥ ያለውና እሱም ከረንት ሊሰጥ የሚችለውን ቫይታሚን ሲ ጨምሮ «አልረበሸኝም» ማለት። አልካላይን ውስጥ አየር ሲያገኘው ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ከመለካታችሁ በፊት በጥብጣችሁ ካቆያችሁት ምናልባት የለም! ፍሩክቶስና ማልቶስንም ሞክሩ፤ ብረቱ ስኳር አይመርጥም።

ስለ ናኖሞላር የመለየት ወሰን (ሴንሰሩ ሊለየው ስለሚችለው ትንሹ መጠን) ብዙ አትፎክሩ። ጤነኛ ሰው ሳይበላ የሚኖረው የደም ግሉኮስ ከ3.9 እስከ 5.5 ሚሊሞላር ነው፣ የስኳር ሕመምተኛ ከ20 ሊያልፍ ይችላል። ሳታቀጥኑ የምትለኩ ከሆነ፣ የግሉኮስና የከረንት መስመሩ 2 ሚሊሞላር ላይ የሚታጠፍ ሴንሰር ለማን ይጠቅማል?

ግራፊን ኦክሳይድን ሪዱስ ሳያደርጉ (ኦክስጅኑን ሳይቀንሱ) ግራፊን ማለትም አለ። ቡናማው ኦክሳይድ ከረንት በደንብ አያሳልፍም። በፐርማንጋኔት ከተሠራ ደግሞ በደንብ እጠቡት፣ የቀረው ማንጋኒዝ ራሱ ግሉኮሱን ኦክሲዳይዝ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ ነው ባዶው ኤሌክትሮድ፣ ግራፊን ብቻ፣ ናኖፓርቲክል ብቻ፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ መለካት ያለባቸው።

ኤሌክትሮዱን ለመቀባት የምታንጠባጥቧትን የናኖፓርቲክል ጠብታ አትናቋት። እላዩ ላይ ስትደርቅ ናኖፓርቲክሉ ወደ ጠርዝ ይሸሻል፤ የቡና ሲኒ ጠረጴዛ ላይ የሚተወውን ክብ አስቡት። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለሚሞቅ ጠብታውም ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ በቢከር ክደኑትና ቀስ ብሎ ይድረቅ። ከዚያም አንዱን ኤሌክትሮድ ደጋግሞ ለክቶ «ይደገማል» ከማለት ለየብቻ የተሠሩ በርካታ ኤሌክትሮዶችን አወዳድሩ፣ ልዩነቱ ያኔ ይወጣል።