ከግጭቱ ማግስት ብቅ የሚሉ ችግሮች

መኪና ተጋጭቶ ሰው በእግሩ ከወረደ «ተመስገን፣ ምንም አልሆንኩም» ይላል። ይህን የሚለው ግን በድንጋጤ ሰዓት ነው። ሰውነት ሲደነግጥ የሚያመነጨው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ሕመምን ይሸፍናል። መኪናውም ቢሆን ከውጭ ደህና መስሎ ከፓራውልቱ ጀርባ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በቀጣዮቹ ቀናት ሁለቱንም ተከታተሉ።

አንገቴ አልዞር አለ

ከኋላ ስትገጩ ወንበሩ ጀርባችሁን ወደፊት ይገፋል፤ ጭንቅላት ወደኋላ ይቀርና ከዚያ ወደፊት ይወነጨፋል። የአንገት ጡንቻና ጅማት ይለጠጣል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ነው የሚመጣው። ቀለል ያለ ከሆነ ማስታገሻ መውሰድና አንገትን ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ይረዳል። ለቀናት ገትሮ መቀመጥ ማገገሙን ያዘገየዋል። እጅ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ወይም የአንገት አጥንቱ መሃሉ ሲነካ ካመመ ግን መታሸት የለም። አንገትን ሳያንቀሳቅሱ ሕክምና መጥራት ነው።

ራስ ምታቱ እየባሰ ሄደ

ማስመለስ፣ ግራ መጋባት ወይም ከባድ እንቅልፍ ከተጨመረበት ጭንቅላት ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ነገ እናያለን አይባልም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ ምልክቱን ሳይጠብቅ ይታይ። ሆድ ላይ ቀበቶው ያረፈበት ቦታ ከበለዘም እንዲሁ፤ አንጀት ተጎድቶ ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።

ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ባትሪውን ከመውቀሳችሁ በፊት አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ቁልፉን አትንኩ፤ ራቁና እርዳታ ጥሩ። ሽታም ፍሳሽም ከሌለ፣ አንዳንድ መኪኖች ግጭት ሲሰማቸው የነዳጅ ፓምፑን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። ያለበትን ቦታ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይነግራችኋል። አንዴ ጫን ማድረግ ሊበቃ ይችላል።

መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል

ቀጥ ብላችሁ እየነዳችሁ መሪው ከዞረ፣ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ወይም ሌላ የእግር ዕቃ ተጣሞ ይሆናል። ብዙ ሰው ሮጦ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ያሠራል። የተጣመመው ሳይቀየር የሚሠራ አላይመንት ብር መጣል ነው፤ መጀመሪያ ከሥር ይታይ።

የኤርባግ መብራቱ አልጠፋም

ሴንሰር ወይም ሽቦ ተጎድቶ፣ ወይም ቀበቶውን በግጭት ሰዓት የሚያጠብቀው መሣሪያ ተተኩሶ ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ አንዴ ከሠራ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። በኮምፒውተር መብራቱን ብቻ አጥፍቶ የሚሸኛችሁ መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የገጨኝ ሰው «እዚሁ እንጨርስ» ይላል

ጉዳቱ ገና አልታየማ! ፎቶ አንሡ፤ ስም፣ ስልክ፣ ታርጋና የኢንሹራንስ መረጃ ተለዋወጡ። «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ ግን ሐኪሙም መካኒኩም ሳያዩ አትፈርሙ።