የክሪኬት መቺን የሥራ ዘመን ከቁጥር ማንበብ
ደሴ ሆጤ ሜዳ ዳር ሻይ እየጠጣን ስለ ክሪኬት የሚጠይቁኝ ወጣቶች በቅድሚያ የሚያዩት የነጥቡን ድምር ነው፤ እኔ ግን በአማካዩ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። የትሪኒዳዱን ተወላጅ ብራያን ላራን እንውሰድ። እስከ አምስት ቀን በሚዘልቀው የቴስት ግጥሚያ 232 ጊዜ ለመምታት ገብቶ፣ ራን የሚባለውን ነጥብ 11,953 አድርሷል። እዚህ ላይ እርሳስ አንስተው በ232 ማካፈል የተለመደ ስሕተት ነው፤ 6 ጊዜ ሳይወጣ (ተጋጣሚው ሳያስወጣው) ስለጨረሰ፣ አካፋዩ ተሸንፎ የወጣባቸው 226 ጊዜያት ሲሆኑ፣ አማካዩም 53 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

ቀጥሎ ትልልቅ ውጤቶቹን ከቦታውና ከተጋጣሚው ጋር ያዛምዱ። በ1994 እ.ኤ.አ. 375፣ በ2004 ደግሞ ሳይወጣ 400 ያስቆጠረው በአንቲጓ ያው ሜዳ፣ በዚያው በእንግሊዝ ላይ ነው።

በመጨረሻም ከነጥቡ ጎን የግጥሚያውን ውጤት ይጻፉ። የ400ው ግጥሚያ በአቻ ተጠናቋል፤ እኔ በበኩሌ በ1999 ባርቤዶስ ላይ አውስትራሊያን ሲገጥሙ ሳይወጣ ያስቆጠረውን 153 አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም 308 ነጥብ ሲያሳድድ የነበረው የላራ ቡድን ዌስት ኢንዲስ ያሸነፈው አንድ ዊኬት ብቻ ሲቀረው፣ ማለትም አንድ መቺ ተጨማሪ ቢወጣበት የሚሸነፍበት ደረጃ ላይ ሆኖ ነው።