እናቴን ይዤ የአላስካን የበረዶ ግግር ያየሁበት ሳምንት፦ እንዴት እንዳቀድኩት

በ2018 እ.ኤ.አ. ከባለቤቴ ጋር አላስካ ስንሄድ በጣም የጓጓንለትን ነገር ለመጨረሻው ቀን አስቀመጥነው። ታልኪትና ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነስቶ የዴናሊን ተራራ የሚዞር፣ ከዚያም በረዶው ላይ የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ጠዋት ስንነሳ ደመናው የቤቶቹን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። እስከ ቀትር ጠበቅን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን፣ በረራው ተሰረዘ። ገንዘባችን ተመለሰልን፤ ግን ማታ ወደ ሲያትል የምንመለስበት ትኬት ስለነበረን ተራራውን ሳናይ ተመለስን።

በ2023 እናቴ ሰባ ዓመት ሲሞላት ከደብረ ብርሃን መጥታልኝ ነበርና ሁሉንም እንደገና አቀድኩት። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ "እንዴት አደረግሽው?" ይሉኛል፤ ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከምደግመው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። አላስካ ውስጥ ገንዘብ የማይገዛው የአየሩን ጠባይ ነው፤ የሚገዛው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ምርጥ ሆቴል ይዛችሁ ደመና ከወረደ አይታችሁ የምትመለሱት ሆቴሉን ነው። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ነገሮች መረጥኩ፣ ጀልባውንና አውሮፕላኑን። ሁለቱንም ወደ ሳምንቱ መጀመሪያና መሃል አመጣኋቸው፤ ከእያንዳንዳቸው በኋላ ምንም ያልተያዘበት ጊዜ ተውኩ። ከተማውን መጨረሻ ላይ አደረግኩት፤ ሙዚየም በዝናብ ምክንያት አይሰረዝም።

ጊዜውን የመረጥኩት በጾማችን ነው። የጉዞው ወቅት ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ሲሆን፣ በመሃሉ የሰኔ ጾምና ፍልሰታ አሉ። የሰኔው ጾም ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። በመካከል ያሉት አራት ሳምንታት ገደማ ከእናት ወይም ከአባት ጋር ለሚሄድ ሰው ወርቅ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ግን ያው ረቡዕና ዓርብ ናቸው፤ ለየት ያለውን እራት ማክሰኞና ሐሙስ ላይ ያዙ። ቦታ ስትይዙ "ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት" ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። እናቴ ሸርጣንም አትበላም፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር አትነካም። አስተናጋጆቹ ግን በኩራት የሚያቀርቡት ሸርጣኑን ስለሆነ አስቀድማችሁ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ብታዙ ማንም አይሸማቀቅም።

ስለ ወረቀት ጉዳይ ላስጠንቅቃችሁ። ከሲያትል አላስካ ውስጥ ወዳለችው አንከሬጅ ከተማ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚሆን የአገር ውስጥ በረራ ነው፤ በአሜሪካ ቪዛ የገባ ወላጅ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፣ ፓስፖርቱን ብቻ ይያዝ። በትልቅ መርከብ መሄድ የምትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ፦ ብዙዎቹ ከቫንኩቨር ይነሳሉ፣ ከሲያትል የሚነሱትም አብዛኞቹ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማሉ፤ ሁለቱም ካናዳ ናቸው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ላለው እናት ወይም አባት የካናዳ ቪዛ ጉዳይ ሳይፈታ ለመርከብ ገንዘብ አትክፈሉ። እኔ መርከቡን የተውኩት በዚህ ምክንያት ነበር፤ በኋላ ግን በባቡርና በትንሽ ጀልባ መሄዱን ወደድኩት።

ቦታ መያዝ ያለባችሁ በጃንዋሪ ወይም በፌብሯሪ ነው። ቅደም ተከተሉም አውሮፕላኑ፣ ጀልባው፣ ባቡሩ፣ ከዚያ ማደሪያው። ስዋርድና ታልኪትና ትንንሽ ከተሞች ስለሆኑ ጥሩ ጥሩው ክፍል ቶሎ ያልቃል።

ቅዳሜ አንከሬጅ ገባን። ሆቴል ካፒቴን ኩክን የመረጥኩት መሃል ከተማ ስለሆነና ከላይኛው ፎቆች ባሕሩ ስለሚታይ ነው። ሆቴሉን በ1965 የከፈቱት ኋላ የአላስካ ገዢ የሆኑት ዋልተር ሂክል ናቸው፤ ከተማው በ1964ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በተጎዳ በዓመቱ መሆኑ ነው። ክፍል ስትይዙ በባሕሩ በኩል ይሁን በሉ፤ የዓይን መሸፈኛም ያዙ። በጁላይ አጋማሽ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፎ ነው። እናቴ የማታ ጸሎቷን ለማድረስ መሸት እስኪል ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ አልመሽ አላት፤ በመጨረሻ መጋረጃውን ዘግታ ቆመች።

እሁድ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ባቡሩ ወደ ስዋርድ ይነሳል። እዚህ ላይ አትቆጥቡ፤ ጎልድስታር የሚባለውን ማዕረግ ያዙ። የፉርጎው መስታወት እስከ አናታችሁ ድረስ ነው፣ ምግቡም ይካተታል። ስትሄዱ በቀኝ በኩል ብትቀመጡ ተርናጌን አርም የሚባለው የባሕር ክንድ ከጎናችሁ ይሆናል። ባሕሩ ሲሸሽ የሚታየው ጭቃ መሬት ይመስላል፤ በመኪና የምትሄዱ ከሆነ ወርዳችሁ እንዳትረግጡት፤ እግር ይዞ አይለቅም፣ ውሃው ደግሞ ፈጥኖ ይመለሳል። ጉዞው አራት ሰዓት ከምናምን ይወስዳል፤ ከባሕሩ ከራቃችሁ በኋላ የበረዶ ግግሮች በመስኮት ይታያሉ።

ከሰዓት በኋላ ኤግዚት ግሌሸር ወደሚባለው የበረዶ ግግር ሄድን። በኬናይ ፊዮርድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በመኪና የሚደረስበት ይህ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው የእግር መንገድም ደልዳላ ስለሆነ ለትልልቅ ሰዎች ይመቻል። በመንገዱ ዳር ዓመት የተጻፈባቸው ምልክቶች አሉ፤ በዚያ ዓመት የግግሩ ጫፍ እዚያ ድረስ ነበር ማለት ነው። እናቴ 1951 የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። በጣቷ ቆጥራ ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰችውና "እኔ በአርባ አምስት ነው የተወለድኩት፤ ከእኔ መወለድ ትንሽ ቀደም ብሎ እዚህ ነበር ማለት ነው" አለች። ቀና ብላ በረዶውን ፈለገችው። ሽቅብ ርቆ፣ ድንጋዩ መሃል ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ጀምሮ እያንዳንዱ ምልክት ጋ እየቆመች ዓመቱን ታነብ ነበር፤ መንገዱ አንድ ሰዓት የማይሞላ ቢሆንም ለሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። እናንተም ቸኩላችሁ አትለፉት።

ሰኞ ጀልባው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከስዋርድ የሚነሱ አጫጭር ጉብኝቶች አሉ፤ እነሱ ሬዘሬክሽን ቤይ በሚባለው ወሽመጥ ውስጥ ዞረው ይመለሳሉ፣ ወደ ባሕር የሚወርዱት ግግሮች ጋ አይደርሱም። ስድስት ሰዓት የሚፈጀውን ያዙ፤ ወደ አያሊክ ወይም ሆልጌት ግግር ይሄዳል። ዋጋው በሰው ከ200 ዶላር በላይ ነው። ጨክኖ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ መዋል ለሚችል ደግሞ ኖርዝዌስተርን ፊዮርድ የሚሄድ ስምንት ሰዓት ከምናምን የሚፈጅ አለ፤ ለሰባ ዓመት እናት ግን ስድስቱ ይበቃል። ከወሽመጡ ወጥታችሁ ክፍቱን ባሕር ስትይዙ ጀልባው ይናወጣል፤ የማቅለሽለሽ ክኒን መዋጥ ያለባችሁ ሲጀምራችሁ ሳይሆን ከመሳፈራችሁ አንድ ሰዓት በፊት ነው። ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፤ ወንበር ከመሃልና ከበስተኋላ ምረጡ።

ስለ ልብስ ልጨምር። እናቴ ጋቢዋን ካልያዝኩ አለች። ጋቢ ለባቡሩና ለሆቴሉ ግሩም ነው፤ ጀልባ ላይ ግን ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ አይደርቅም፣ ብርዱንም ይይዛል። ከውስጥ ስስ ሱፍ፣ ከላይ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ጓንትና ኮፍያ። ከግግሩ ላይ የሚወርደው ነፋስ በጁላይም ፊት ይቆርጣል።

ዓሣ ነባሪ አየን፣ ድንጋይ ላይ የተኙ የባሕር አንበሶች አየን፣ ምንቃራቸው ብርቱካንማ የሆኑ ፓፊን የሚባሉ ወፎችም ከጎናችን ሲበሩ ነበር። ያም ሆኖ ከሁሉም የማልረሳው አያሊክ ነው። ካፒቴኑ ራቅ ብሎ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። ሁሉም ዝም አለ። ከግድግዳው ላይ ቤት የሚያህል በረዶ ያለ ድምፅ ተገምሶ ሲወርድ አየን፤ ድምፁ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ደረሰ። እናቴ እጄን ጨብጣ "ነጎደ እንዴ? ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው" አለችኝ። ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ዝቅ አደረጋት። ከሠራተኞቹ አንዱ በመረብ ከባሕሩ ቁራጭ በረዶ አወጣና ሰጣት። እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። ጆሯችሁን ብታስጠጉት ጠሽ ጠሽ ይላል፤ በረዶው ሲጠነክር ውስጡ ታምቆ የቀረ አየር ሲወጣ ነው። ጣቷ ደንዝዞ እስኪቀላ ድረስ አልለቀቀችውም።

አየሩ ስለቀናን ማክሰኞ ጠዋት ትርፍ ሆነ፤ ስዋርድ ውስጥ ተዝናንተን መኪና ከነሹፌሩ ይዘን ወደ ገርድውድ ሄድን። መኪናው ውድ ነበር፤ ቢሆንም ባለቤቴ መሪ ላይ ሳይሆን መስኮት ላይ ሆኖ ተጓዘ፣ አልቆጨኝም። አልዬስካ ሪዞርት አንድ ሌሊት ይበቃል። በኬብል የሚሄደው ተሽከርካሪ ተራራው ላይ ያወጣችኋል፤ የማክሰኞውን እራት እዚያው ላይ ሰባት ግግሮች እያያችሁ ብሉ።

ረቡዕ ወደ ታልኪትና። ብዙዎች እስከ ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ እንዲሄዱ ይመከራሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ እኔ አልመክርም፤ ከአንከሬጅ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የፓርኩ መንገድ ደግሞ ከኦገስት 2021 ጀምሮ ፕሪቲ ሮክስ በሚባለው ቦታ በመሬት መንሸራተት ስለተቆረጠ እኛ በሄድንበት ጊዜ አውቶቡሶቹ 43ኛው ማይል ላይ ይመለሱ ነበር። በዚያ ቦታ ድልድይ መሥራት ተጀምሮ ስለነበር ከመወሰናችሁ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ እዩ። ጎብኚዎች ከመሬት ሆነው ተራራውን የማየት ዕድላቸው ከሦስት አንድ ነው ይባላል። ከታልኪትና የሚነሳው አውሮፕላን ግን ዝቅተኛውን ደመና አልፎ ያሳያችኋል፤ ሰው የሌለበት ዱርም ከፈለጋችሁ ከሱ በላይ የለም።

በረራውን ረቡዕ ምሽት ላይ ያዝኩ፤ ለሐሙስ ሙሉ ቀንና ለዓርብ ጠዋትም ብንሸጋገር ቦታ ይኖር እንደሆነ ስይዝ ጠየቅኩ። ግግር ላይ የሚያርፈውን ምረጡ፣ ሳያርፍ የሚመለሰውን አይደለም፤ በሰው ከ500 ዶላር ብዙ አይርቅም። ክብደታችሁን ሲጠይቋችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ አውሮፕላኗን የሚያመዛዝኑት በሱ ነው። ረቡዕ ምሽት ተሰረዘ። ሆዴ ፈራ፤ የ2018ቱ ቀን ትዝ አለኝ። እናቴ የጾም ምስር ሾርባዋን ጠጥታ ተኛች። ሐሙስ በአራት ሰዓት ሰማዩ ተከፈተና ጠሩን።

አውሮፕላኗ ከመንኮራኩሯ ጋር የበረዶ መንሸራተቻ አላት። ሩት በሚባለው ግግር ሸለቆ ውስጥ ስትገባ የድንጋዩ ግድግዳ በሁለቱም በኩል ከክንፏ በላይ ይቆማል፤ ከሥር ያለው በረዶ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። እናቴ ስንነሳ "ትንፋሽ አያጥረኝም?" ብላ ተጨንቃ ነበር። የዴናሊ ጫፍ 6,190 ሜትር ነው፤ ያረፍንበት ሜዳ ግን ከአዲስ አበባ ከፍታ በታች ነው፣ ከደብረ ብርሃንማ በጣም ዝቅ ይላል። ይህን ስነግራት አላመነችኝም። በረዶ ላይ ቆማ፣ በጫማዋ ላይ የሰጧትን ቡትስ አጥልቃ፣ ዙሪያውን አይታ አማተበች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን። የፀሐይ መነጽር ሳትይዙ እንዳትሄዱ፤ ከበረዶው የሚመለሰው ብርሃን ዓይን ያቃጥላል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በባቡር ወደ አንከሬጅ ተመለስን። ቅዳሜን ለከተማው ሰጠነው። ጠዋት የአላስካ ነባር ሕዝቦች ማዕከል፤ በሐይቁ ዙሪያ የተሠሩትን የየሕዝቡን ቤቶች ገብታችሁ ታያላችሁ፣ እናቴ ከጭቃና ከሣር የለበሰው ቤት ውስጥ ምድጃው የት እንደነበር እየጠየቀች አስጎብኚዋን አልለቅ አለቻት። ከዚያ በባሕሩ ዳር የእግር መንገድ እስከ ኧርዝኴክ ፓርክ ሄድን። በማርች 27፣ 1964 በ9.2 መጠን ለአራት ደቂቃ ተኩል ያህል ሲናወጥ የመኖሪያ ሰፈር ወደ ባሕሩ የተንሸራተተው በዚያ በኩል ነው፤ መሬቱ ዛሬም ወጣ ገባ ነው። ሙስ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ካያችሁ ፎቶ ለማንሳት አትጠጉ፤ ግልገል ያላት እናት ከሆነች መንገዱን ልቀቁላት።

ሳልመን ይዛችሁ መመለስ ከፈለጋችሁ ቀዝቅዞ በሣጥን የታሸገ ይሸጣል፤ እንደ ሻንጣ ይመዘገባል። ጠዋት ከፍላችሁ ማታ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ስትሄዱ ውሰዱት፤ እስከዚያ እነሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩላችኋል። እናቴ የራሷን ድርሻ ለሲያትል ጎረቤቶቼ አካፈለችው፤ ለእያንዳንዳቸውም የምታወራው ያንን በእጇ ይዛ የሚጮኸውን በረዶ ነበር።